የተዳፈነ እሳት፦ የአንጀት ብግነትን በብርሃንና በድምፅ የሚያየው አዲስ ምርመራ

(ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ዝግጅት ለአድማጮች የቀረበ ትምህርት ሲሆን ለመጽሔታችን አንባቢያን በሚመች መልኩ እንደሚከተለው ቀርቧል።)

ቢስሚላሂር ራሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንጀት ነው። «ይህ የሐኪም ጉዳይ እንጂ የዳዒ ጉዳይ አይደለም» የሚል ካለ፣ ረመዳን ሲቃረብ ለኢማሞች የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ያስታውስ። አንዱ «ሐኪም የአንጀት ቁስለት አለብህ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ደህና ነኝ፤ ልጹም ወይ?» ይላል። ሌላዋ «ሕመሙ ከቆመልኝ ሁለት ወር ሆነኝ፤ መድኃኒቱን ባቆመው ምን አለበት?» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ ምንም አይጠይቅም። ሰገራው ላይ ደም ማየት ከጀመረ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ለሐኪም መናገርም መታየትም አሳፍሮታል።

የሦስቱም ጉዳይ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። በአንጀት ውስጥ ያለው እሳት ጠፍቷል ወይስ ተዳፍኗል?

እናቶቻችን ማታ ፍሙን አመድ ያለብሱታል። ከላይ ለሚያየው ሰው የቀረው አመድ ብቻ ነው። ጧት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ግን እሳቱ ይነሳል። ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነትም እንዲሁ ነው። ሆድን ሳይከፍቱ፣ በፊንጢጣ በኩልም ምንም ሳያስገቡ ይህንን የተዳፈነ እሳት ከውጭ ሆኖ ለማየት የሚያስችል መሣሪያ በጀርመን አገር በሰዎች ላይ ተሞክሯል። ዛሬ ኢንሻአላህ ይህ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚረዳ፣ የት ላይ እንደሚያቆም፣ ለእኛም ምን ትምህርት እንዳለው እናያለን።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው

ብግነት ስንል ሰውነት ከጉዳት ወይም ከጀርም ራሱን ሲከላከል የሚያሳየውን መቆጣት ማለታችን ነው። እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ያማል። ይህ የሚሆነው ደም በብዛት ወደ ተጎዳው ቦታ ስለሚሄድ ነው። ደሙ የመከላከያ ሴሎችን ተሸክሞ ይመጣል። እነርሱም ሥራቸውን ሲጨርሱ ይበተናሉ፤ ቁስሉም ይሽራል። ይህ አላህ (ሱ.ወ) በአካላችን ውስጥ ካስቀመጣቸው ጠባቂዎች አንዱ ነው።

በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ይህ ጠባቂ ጦር ጠላት በሌለበት ይዘምታል። የራሱን አገር ያቃጥላል፤ አልበተንም ይላል። ይህ በአንጀት ላይ ሲደርስ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ይባላል። ዋነኞቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ሲሆን የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያቆስላል። ሁለተኛው ክሮንስ ነው። ይህንን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ በሽታው በጻፈው በኒውዮርኩ ሐኪም በቡሪል ክሮን ነው። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ በየትኛውም የምግብ መተላለፊያ ቦታ ሊነሳ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ግን የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው። የውስጥ ሽፋኑን ብቻ ነክቶም አይቆምም፤ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ይገባል።

ምልክቶቹ የሆድ ቁርጠት፣ ለሳምንታት የሚቆይ ተቅማጥ፣ ሰገራ ላይ ደም መታየት፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ አንዳንድ ጊዜም ትኩሳት ናቸው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የሰውነት መከላከያ መዛባት፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና የአኗኗር ሁኔታ ተደማምረው ያመጡታል። ሲጋራ ማጨስ ክሮንስን እንደሚያባብስ በሚገባ የታወቀ ነው። ሲጋራን ለመተው ምክንያት ለሚፈልግ ወንድማችን ይኸው አንድ ተጨማሪ ምክንያት።

ሕመም ብቻውን ምስክር አይሆንም

የዚህ በሽታ ጠባይ መነሳትና መተኛት ነው። ለወራት ያሠቃያል፤ ከዚያም ጋብ ይላል። ችግሩ ያለው ሕመምተኛው የሚሰማው ስሜትና በአንጀቱ ውስጥ ያለው ሁኔታ ሁልጊዜ የማይገጣጠሙ መሆናቸው ላይ ነው። አንዳንዱ «አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ» እያለ አንጀቱ እንደቆሰለ ይቆያል። ሌላው ደግሞ ብግነቱ ጠፍቶለትም ቁርጠቱ አይለቀውም።

ስለዚህ ስሜቱን ብቻ አምኖ መድኃኒት የሚያቆም ሰው በተዳፈነ እሳት ላይ ሊተኛ ይችላል። ብግነቱ በዝምታ ከቀጠለ የክሮንስ ሕመምተኛ አንጀቱ ሊጠብብ፣ በአንጀቱና በሌላ አካል መካከል ቀዳዳ ሊከፈት፣ ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልገው ይችላል። ትልቁ አንጀት ለብዙ ዓመታት ሲቆጣ ደግሞ የካንሰር አደጋው ይጨምራል። በተቃራኒው ብግነት በሌለበት መድኃኒት መጨመር ያለ ጥቅም ጉዳትን ማብዛት ነው። ሐኪሙ «እሳቱ አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ደጋግሞ ማወቅ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያሉት ምርመራዎች

ዋነኛው ምርመራ ኮሎኖስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ በኩል ገብቶ የአንጀቱን ውስጥ ያሳያል። ሐኪሙም ለላቦራቶሪ የሚሆን ትንሽ ናሙና ሊወስድበት ይችላል። እጅግ ጠቃሚ ምርመራ ነው። ነገር ግን ከምርመራው በፊት አንጀትን የሚያጥብ ብዙ ፈሳሽ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጣል፤ አልፎ አልፎም መድማትን ወይም የአንጀት መበሳትን ሊያስከትል ይችላል። በየወሩ ልደጋግመው ቢባል የሚቻል አይደለም፤ በልጆች ላይ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል።

ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በጨረር ስለሚሠራ ዕድሜ ልኩን ክትትል ለሚያስፈልገው ወጣት መደጋገሙ አይመረጥም። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ዋጋውና ጊዜው ግን ከባድ ነው። አልትራሳውንድ ቀላልና ርካሽ ነው፤ የአንጀት ግድግዳ መወፈሩን ያሳያል። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራም ብግነት መኖሩን ይጠቁማል፤ ቦታውን ግን አይናገርም።

አዲሱ መሣሪያ እንዴት ይሠራል?

የአዲሱ ምርመራ ስም ኦፕቶአኩስቲክ ምስል ይባላል። በአማርኛ «በብርሃን የሚነሳ ድምፅ» ብንለው ትርጉሙን ይይዛል። ብርሃን እንዴት ድምፅ ያወጣል? ቤታችን ይመልስልናል። ጧት ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ስታርፍ ቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ ሲል እንሰማለን። ብርሃኑ ቆርቆሮውን አሞቀው፤ የሞቀው ቆርቆሮ ተለጠጠ፤ ሲለጠጥም ድምፅ አወጣ። የነገሩ ሥር ይኸው ነው።

ብርሃን ድምፅ ሊያስነሳ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1880 የደረሰበት ስልክን በመፈልሰፍ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። ነገሩ ለሕክምና እስኪውል ግን ሌዘር፣ ረቂቅ የድምፅ መቀበያና ፈጣን ኮምፒዩተር እስኪሠሩ ድረስ መቆየት ነበረበት።

አሁን ወደ አካላችን እንምጣ። ልጆች በጨለማ የባትሪ መብራት በመዳፋቸው ሲሸፍኑ ጣቶቻቸው ቀይ ሆነው ያበራሉ። ይህ ብርሃን በተወሰነ ደረጃ ሥጋን እንደሚያልፍ ያሳየናል። በተለይ ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይናችን የማያየው ብርሃን በሥጋ ውስጥ የበለጠ ይዘልቃል። መሣሪያው የሚጠቀመው ይህንን ነው። ሕመምተኛው ይተኛል፤ ሆዱ ላይ ጄል ይቀባል፤ ልክ እንደ አልትራሳውንድ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ቆዳው ላይ ይደረጋል። ከዚያ እጅግ አጫጭር የሌዘር ብልጭታዎች ይላካሉ። የአንዱ ብልጭታ ዕድሜ ከሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ጥቂት ብቻ ነው።

በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ያለው ደም ይህንን ብርሃን ይውጣል። የሚውጠው ደሙን ቀይ ያደረገውና ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ብርሃኑን ሲውጥ ከአንድ ዲግሪ እጅግ ባነሰ መጠን ይሞቃል፤ ሕመምተኛው ይህ አይታወቀውም። የሞቀው ደም እንደ ቆርቆሮው ይለጠጣል፤ ጆሮ የማይሰማው ረቂቅ ድምፅም ያወጣል። ያው መሣሪያ ድምፁን ይቀበለዋል፤ ኮምፒዩተሩም ከየት እንደመጣ አስልቶ ምስል ይሠራል።

ሁለቱን ማጣመር ለምን አስፈለገ? ብርሃን በሥጋ ውስጥ ሲያልፍ መኪና በጉም ውስጥ እንደሚያበራው መብራት ይበተናል፤ ስለዚህ ብቻውን ጥርት ያለ ምስል አይሰጥም። ድምፅ ግን በሥጋ ውስጥ ብዙ ሳይበተን ይጓዛል። ብርሃን ምን እንዳለ ይጠይቃል፤ ድምፅ የት እንዳለ ይመልሳል።

ከዚህ ሌላ ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢንና ያልተሸከመው የሚውጡት የብርሃን ዓይነት ይለያያል። መሣሪያው የተለያዩ የብርሃን ዓይነቶችን በየተራ እየላከ ምን ያህል ደም እንዳለ ብቻ ሳይሆን ከደሙ ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደያዘ ጭምር ይለካል። የቆጣ አንጀት ደም ይበዛበታል ብለናል። እንግዲህ የሚለካው የእሳቱ አሻራ ነው።

በኤርላንገን የተደረገው ጥናት

ይህ ምርመራ በክሮንስ ሕመምተኞች ላይ የተሞከረው በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት 108 የክሮንስ ሕመምተኞችን ያካተተ ነበር። ተመራማሪዎቹ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከሆድ ውጭ ሆነው ለኩ። ውጤቱንም ኢንዶስኮፒን ጨምሮ ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ ከሚያውቁባቸው መንገዶች ጋር አነጻጸሩ። የሄሞግሎቢኑ ልኬት በሽታው የነቃባቸውን ሕመምተኞች በሽታው ካረፈላቸው ለመለየት እንደሚረዳ አገኙ።

ቱቦ አልገባም፤ መርፌ አልተወጋም፤ ጎጂ ጨረርም የለም። ሌዘሩ ዓይን እንዳይጎዳ ብቻ ሕመምተኛውም ሐኪሙም ልዩ መነጽር ያደርጋሉ።

የማይችለውንም እንወቅ

ወገኖቼ፣ አማና ነውና ግማሹን ብቻ ነግረን አንለፍ። በመጀመሪያ፣ ብርሃኑ የሚዘልቀው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለሆድ ግድግዳ ቅርብ የሆነውን አንጀት ያያል፤ ጥልቅ ያለውን አያገኝም። ስቡ የበዛ ሆድም ያስቸግረዋል። ሁለተኛ፣ ናሙና አይወስድም። ካንሰር ሲጠረጠር ኮሎኖስኮፒን የሚተካ ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ እስካሁን የሚገኘው በዋናነት በምርምር ማዕከላት እንጂ በየሆስፒታሉ አይደለም። ስለዚህ «ያ መሣሪያ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

አራተኛው እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ለቆዳችን መልክ የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። ቆዳው በጠቆረ መጠን ወደ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል፤ ከቆዳው የሚነሳው ድምፅም ምስሉን ሊያውክ ይችላል። ይህ ተራ ስጋት አይደለም። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም የሚሠራው በብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ይህ መለኪያ የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን ማነስ ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። በብርሃን የሚሠራ ማንኛውም አዲስ መሣሪያ በሁሉም የቆዳ ዓይነት ላይ ተፈትኖ መስተካከል ያለበት ለዚህ ነው። ሚዛንን ማስተካከል በኢስላም የታዘዘ ነገር ነው፤ የሕክምና መለኪያም ሚዛን ነው። ሕክምና የምትማሩ ልጆቻችን ይህንን አደራ ብታነሱት መልካም ነው።

አምስተኛ፣ መሣሪያው እሳት መኖሩን ያሳያል እንጂ ማን እንደለኮሰው አይናገርም። በአገራችን ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ለክሮንስ የሚሰጡት መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ደግሞ ቲቢን ሊያባብሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪም ሕክምናውን ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ሲያዝ «ምን አገናኘው?» አትበሉ። በሰው ምክር ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ፣ «አሜባ ነው፤ ጨጓራ ነው» እያሉ ወራት ማሳለፍም አደገኛ ነው።

ሰበብ ማድረስና ተወኩል

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ያለ ግኝት ሲሰሙ «ይህ እኮ ድሮ በቁርኣን ተነግሯል» ለማለት ይቸኩላሉ። ቁርኣን የሂዳያ መጽሐፍ ነው፤ ክብሩ ከመሣሪያዎች ጋር በመያያዝ አይጨምርም። ይልቅስ ቁርኣን በፍጥረት ላይ እንድናስተነትን አዞናል። ቀደምት ሙስሊሞች ይህንን ትእዛዝ በሥራ አሳይተዋል። በበስራ የተወለደውና በካይሮ የሠራው ኢብኑል ሀይሠም ከዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ በፊት ኪታቡል መናዚር በተባለው ሥራው የምናየው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይናችን ሲመጣ መሆኑን በሙከራ እያረጋገጠ አስረድቷል። ይህንን መሣሪያ ግን እርሱ አልሠራውም። ከእርሱ የምንወርሰው ኩራትን ሳይሆን የመመርመርን ልማድ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሽታን ሲያወርድ ፈውሱንም አብሮ እንዳወረደ አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘዋል። መድኃኒት መፈለግ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን የተማርነው ከእርሳቸው ነው። ዱዓውም ሩቃውም ሐኪም ቤቱም በየቦታቸው ሰበብ ናቸው፤ ፈዋሹ ግን አላህ ብቻ ነው።

ስለ እፍረት፣ ስለ ዐውራና ስለ ጾም

እፍረት (ሐያእ) ከኢማን ነው። ነገር ግን ሰውን ከሕክምና የሚያስቀር እፍረት ሐያእ አይባልም። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሴቶች ለመናገር የሚያፍሩበትን ጉዳይ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቀርበው ጠይቀዋል፤ መልስም አግኝተዋል። ሰገራ ላይ ደም ማየት ወንጀል አይደለም፤ መደበቁ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ዐውራን ለሐኪም መግለጥ በመሠረቱ ክልክል ቢሆንም ችግር ሲያስገድድ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንደሚፈቀድ ዑለማዎች ገልጸዋል። እህቶች ሴት ሐኪም ከተገኘች እርሷን ያስቀድሙ። ካልተገኘች መሕረም ወይም ሌላ ሴት ባለበት ወንድ ሐኪም ይመረምራል። ሴት ሐኪም ስለጠፋች ምርመራውን መተው ግን ትክክል አይደለም። ባሎችም ሚስቶቻችሁን በዚህ አታስጨንቁ።

ስለ ጾም ስንመጣ፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 184 እና 185 ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀናት እንዲያሟላ ፈቅዶለታል። እንደ አልትራሳውንድ ወይም ዛሬ እንዳየነው መሣሪያ ከቆዳ ውጭ የሚደረግ ምርመራ ወደ ሆድ የሚገባ ነገር ስለሌለው ጾም አያፈርስም። ኮሎኖስኮፒ ግን ማጠቢያ ፈሳሽ መጠጣት ግድ ስለሚል ቢቻል ከረመዳን በፊት ወይም በኋላ ይደረግ፤ የማይዘገይ ከሆነ ያፈጥራል፤ ቀኑን ቀዷ ያወጣል።

የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ደግሞ ረመዳን ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ወር ቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በሽታው አርፎለት ከሆነና ሐኪሙ ጾም አይጎዳህም ካለው፣ መድኃኒቱን በሱሑርና በኢፍጣር አስተካክሎ ይጾማል። በሽታው ነቅቶ ከሆነ ያፈጥራል፤ ሲሻለው ቀዷ ያወጣል። ይሻለዋል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። ራሱን እየጎዳ መጾም ከአላህ ዘንድ አልተጠየቀም። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ደግሞ በድንገት ማቆም ብቻውን ለሕይወት አደጋ ሊሆን ስለሚችል ማንም በራሱ ውሳኔ እንዳያቆማቸው።

በቤት ውስጥም የምንረዳዳበት መንገድ አለ። የታመመውን ልጅ «ሰነፍ፤ ጾም ፈራህ» አትበሉት። ሲያፈጥር ሌላው እንዳያይበት ቦታ አዘጋጁለት። ደጋግሞ ሽንት ቤት በመሄዱ አትቀልዱበት። የሚሰማውን ብቻ ሳይሆን የምርመራውንም ውጤት ተከታተሉ። አመዱ ስለበረደ እሳቱ ጠፍቷል ማለት አይደለምና።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ሁሉ ያሽርልን፤ በሽታቸውንም የወንጀላቸው ማበሻ ያድርግላቸው። ለሐኪሞቻችን ማስተዋልን፣ ለተማሪዎቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጥልን።